ሚሲዮን ፍለጋ እነዋሪ

«ለንግሥ ነው የምትሄደው?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት መሪጌታ። መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው የነጠላቸውን ጫፍ እስከ አፍንጫቸው ስበውታል። የደብረ ብርሃን የማለዳ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ሁላችንንም አጣብቆናል። ቅጥቅጡ ገና ከመናኸሪያው አልወጣም፤ ረዳቱ «እነዋሪ! በደነባ እነዋሪ!» እያለ፣ ሞልቷል ያልነው መኪና ላይ ሦስት ሰውና ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ይጨምራል። ታኅሣሥ 2 ቀን ነው፤ መንገዱ ሰላም በነበረበት ዓመት።

«አይ አባቴ፣ ለሥራ ነው። ስለ ሚሲዮን የምጽፈው ነገር አለ።»

«ሚሲዮን?» ብለው ዞር ብለው አዩኝ። «እነዋሪ ላይ?»

«አዎ።»

«እንጃ ልጄ። እነዋሪ ስንዴ አለ፤ ጤፍ አለ፤ ለፋሲካ ሰንጋ የሚፈልግም ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጣል። ሚሲዮን ግን…» ብለው ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከኋላ የተቀመጡት የንግሥ ተጓዦች ዳቦ ቆሎ እየተካፈሉ ሳቁብኝ።

ቢስቁ አይፈረድባቸውም። በቦርሳዬ ያለው ደብተር ስለ አንድ የእንግሊዝ የሚሲዮን ማኅበር በሰበሰብኳቸው ማስታወሻዎች የተሞላ ነው። ማኅበሩ ወደ ሸዋ የላካቸው ሰዎች ታሪክ የሚነገረው በአንጎለላና በአንኮበር እንጂ በእነዋሪ አይደለም። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ከለንደን የተላከው ሰው ወንጌል ይዤ መጣሁ ብሎ የሸዋን ደጋ ሲረግጥ፣ የቆመበትን መሬት ማን ቀድሞ አርሶት ነበር? የዚህ መልስ ያለው ሞረት ውስጥ ነው። የሞረትና ጅሩ ወረዳ ከተማ ደግሞ እነዋሪ ናት።

በዋዜማው ጫጫ ላይ ወርጄ አንጎለላን አይቼ ነበር። ዛሬ የንጉሥ ከተማ ነበረች ቢሏችሁ ለማመን ይከብዳችኋል። ሣሩ፣ በጉ፣ የእረኛው ጅራፍ፣ ከዚያ በላይ ነፋሱ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግን ከአንኮበር ሌላ የሚቀመጡባት ሁለተኛ መናገሻ ነበረች፤ የልጅ ልጃቸው ዳግማዊ ምኒልክም በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ነው።

በሰኔ 1831 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1839) እዚህ ሜዳ ላይ ሁለት ጀርመናውያን ንጉሡ ፊት ቀረቡ። አንደኛው ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ፣ ሌላኛው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ይባላሉ። ታጁራ ላይ ከጀልባ ወርደው፣ የአፋርን በረሃ ከግመል ነጋዴ ጋር አቋርጠው ነው የመጡት። ክራፕፍ የ29 ዓመት ሰው ነው፤ ቱቢንገን አጠገብ ዴረንዲንገን በምትባል መንደር የተወለደ የገበሬ ልጅ። ሁለቱም ከአንድ ዓመት በፊት ከዓድዋ ተባረዋል። ሰሜኑ በሩን ሲዘጋባቸው የደቡቡን በር ሊያንኳኩ መጡ ማለት ነው።

ንጉሡ ተቀበሏቸው። ግን ንጉሥና እንግዳ የተገናኙት በሁለት የተለያየ ሐሳብ ነበር። ሣህለ ሥላሴ የሚፈልጉት ጠመንጃ፣ መድኃኒትና የእጅ ጥበብ የሚያውቅ ሰው ነው። እንግዶቹ የሚፈልጉት ማስተማርና መጽሐፍ ማደል ነው። ሁለቱም አንዱ የሌላውን ፍላጎት እያወቀ እንዳላወቀ ሆኖ ሦስት ዓመት ገደማ ዘለቀ። ኢዘንበርግ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለሰ። በአማርኛ ላይ ያጠናውን መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ለንደን ላይ አሳተመው፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1841፣ ሌላው በ1842 ወጣ። ክራፕፍ ብቻውን ቀረ።

ጀርመናውያን በእንግሊዝ ማኅበር ስም አንጎለላ ድረስ እንዴት መጡ? ነገሩ የሚጀምረው ለንደን ውስጥ ካለ የእንግዳ ማረፊያ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1799 «ካስል ኤንድ ፋልከን» በተባለው ማረፊያ 25 ያህል ሰዎች ተሰበሰቡ። የሚበዙት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቀሳውስት ናቸው፤ ስብሰባውን የመሩት ጆን ቬን ይባላሉ። የባሪያ ንግድን ለማስቆም በፓርላማ የሚታገለው የዊልያም ዊልበርፎርስ ወዳጆች ነበሩ። ለአፍሪካና ለምሥራቅ አገሮች ወንጌል የሚልክ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከ1812 ጀምሮ የታወቀው ቸርች ሚሽነሪ ሶሳይቲ፣ ባጭሩ ሲ.ኤም.ኤስ. በሚል ስም ነው።

ማኅበሩ ኮሚቴ ነበረው፣ ገንዘብ ያዥ ነበረው፣ ጸሐፊ ነበረው። የሚሄድ ሰው ግን አልነበረውም። ከእንግሊዝ ቀሳውስት መሀል እሺ የሚል እየጠፋ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ሳይላክ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1804 ወደ ሴራሊዮን የሄዱት የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልእክተኞች ጀርመናውያን ነበሩ። ቆየት ብሎ ባዝል ላይ የተከፈተው የስዊስ የሚሲዮን ትምህርት ቤት የማኅበሩ የሰው ምንጭ ሆነ፤ ክራፕፍም የዚያ ተማሪ ነበር። እንግሊዝ ከፈለች፣ ጀርመን ሄደ።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡበት ምክንያትም ከሌላው አፍሪካ ይለያል። ማኅበሩ ማልታ ላይ ዊልያም ጆዌት የተባለ ሰው አስቀምጦ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ሁኔታ ያስጠና ነበር። ሐሳቡ እነዚህን ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት በሕዝብ ቋንቋ በታተመ መጽሐፍ ቅዱስ «ማነቃቃት» ነው። በዚህ ሐሳብ ሳሙኤል ጎባትና ክርስቲያን ኩግለር እ.ኤ.አ. በ1830 ትግራይ ገቡ። ኩግለር በዓመቱ መጨረሻ እዚያው ሞተ፤ ጎባት ኋላ የኢየሩሳሌም ጳጳስ ሆነ።

በእጃቸው የያዙት የአማርኛ ወንጌልም የራሱ ታሪክ አለው። ተርጓሚው አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቅ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። ካይሮ ውስጥ ለአንድ የፈረንሳይ ቆንስል ብሎ ዓመታት ፈጅቶ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ መለሰው፤ ከዚያ በወረርሽኝ ሞተ። ጆዌት የእጅ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1820 ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ወንጌሎቹ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። እንግዶቹ ለሸዋ ሰው ስጦታ ብለው ያመጡት መጽሐፍ የሸዋ ሰው ወንድም የጻፈው ነበር።

ክራፕፍ አንኮበር ላይ ጥቂት ልጆች ሰብስቦ አስተማረ፣ መጽሐፍ አደለ፣ ከካህናት ጋር ተከራከረ። የመጣበት ዘመን ሸዋ ስለ ክርስቶስ ልደት በሚደረግ ክርክር የምትታመስበት ነበር። የሦስት ልደትና የተዋሕዶ ሊቃውንት ጥቅስ በጥቅስ ሲመላለሱ፣ አንኮበር ለነገረ መለኮት አዲስ እንዳልነበረች ለማንም ግልጽ ነው። ጉዳዩ ያለቀው ከብዙ ዓመት በኋላ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። ከቱቢንገን የመጣ ወጣት ቄስ በዚህ መሀል ገብቶ «ወንጌል ላስተምራችሁ» ሲል ሊቃውንቱ እንዴት እንዳዩት መገመት አያቅትም። እኔ በቅጥቅጡ ውስጥ መሪጌታ ያዩኝን አስተያየት አስታወስኩ።

ለክራፕፍ ፍትሕ ልስጠው። ቋንቋ ያጠና ነበር፤ ያውም በትጋት። በ1832 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ወደ ኦሮሞ አገር ዘምቶ ሕዝቡን አየ፣ ኦሮምኛ ተማረ፣ ወንጌል ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመረ። የአፍሪካ ተስፋ ያለው በኦሮሞ ሕዝብ ላይ ነው ብሎ አመነ፤ ይህ እምነቱ ነው ኋላ የሕይወቱን መንገድ የቀየረው። የግእዝ ብራናም ሰበሰበ፤ ካሰባሰበው ብዙው ወደ ቱቢንገን ሄደ። የግእዝን ሰዋስውና ትልቁን መዝገበ ቃላት ለዓለም ያሳወቀው አውግስት ዲልማን ግእዝ የተማረው እዚያ ነው። መጽሐፍ ሊሰጥ የመጣው ማኅበር መጽሐፍ ወስዶ ሄደ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ፖለቲካው ግን አላስቀመጠውም። እ.ኤ.አ. በ1841 የካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ሸዋ ገባ፤ በኅዳር ወር ከንጉሡ ጋር ውል ተፈረመ። ክራፕፍ በዚህ ሥራ አስተርጓሚና አማካሪ ሆኖ አገለገለ። ካህን ለመንግሥት ሥራ ሲገባ ስሙ ይቀየራል። በመጋቢት 1834 ዓ.ም. አዳዲስ ባልደረቦቹን ሊቀበል ብሎ በወሎ በኩል ወደ ሰሜን ወጣ፤ ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ የተባለው ባላባት ያለ የሌለ ንብረቱን ዘረፈው። ባዶ እጁን ምጽዋ ደረሰ። ከወራት በኋላ ሮዚነ ዲትሪሕን አግብቶ ታጁራ ቢመለስ ሸዋ እንዳይገባ ተከለከለ።

እንደገና በምጽዋ በኩል ሞከረ። በ1843 እ.ኤ.አ. በበረሃው መንገድ ላይ ሚስቱ ያለ ጊዜዋ ወለደች። ሕፃኗ ከተወለደች ብዙ ሳትቆይ ሞተች፤ በምድረ በዳ ቀበሯት። ስም አውጥተውላታል፦ «እንባ»። በጀርመንኛ ወይም በእንግሊዝኛ ማውጣት ይችሉ ነበር። ኢትዮጵያ በር እየዘጋችባቸው ሳለ የልጃቸውን መቃብር የሰየሙት በአማርኛ ነው። ከማስታወሻዬ ሁሉ ይቺን መስመር ሳነብ ሁልጊዜ እቆማለሁ።

ደነባን አልፈን ሜዳው ሲከፈት መሪጌታ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። «እየው የጅሩን ክምር» አሉ። የስንዴው ነዶ፣ የጭዱ ክምር በየአውድማው ዳር ቆሟል፤ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ጎኑ በእጅ የተላገ የሚመስል። «ሌላ አገር ጭድ ይከመራል፤ እዚህ ይሠራል» አሉኝ። ኩራታቸው ገባኝ።

እነዋሪ ስንደርስ ረፋድ ነበር። ቦርሳዬን አልቤርጎ ጥዬ ከከተማው ወጣ አልኩና በአንድ ማሳ ዳር ስንዴ የሚወቁ ሰዎች ዘንድ ቀረብኩ። አባወራው ጠላ አቀረበልኝ፤ ወሬ ጀመርን። አፈሩ መረሬ ነው፤ ዋልካም ይሉታል። «ክረምት ሲጠጣ አይጠግብም፣ በጋ ሲደርቅ እጅህን የሚያስገባ ይሰነጠቃል» አለኝ። ስንዴ እንዲህ ባለ መሬት ላይ ውሃ ሲተኛበት ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ የእነዋሪ ገበሬ ከአባቱ የተማረው ዘዴ አለ። ማሳውን ካረሰ በኋላ ሚስቱና ልጆቹ ተሰልፈው በእጃቸው አፈር እየዛቁ ከፍ ያለ መደብ ይሠራሉ፤ በመደቡና በመደቡ መሀል ቦይ ይተዋሉ። ስንዴው መደቡ ላይ ይበቅላል፣ ትርፉ ውሃ በቦዩ ይወርዳል። «በጭቃ ተንበርክከን ነው የምንሠራው። ወገባችን እዚያ ነው የቀረው» አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢልካ ይባል የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ከአገራችን ተመራማሪዎች ጋር እዚህ መጣ። ሁለት ማረሻ አገጣጥመው በበሬ የሚጎተት መደብ መሥሪያ አዘጋጁ፤ ቢቢኤም ይሉታል። ለእነዋሪ አዲሱ ነገር መሣሪያው ነበር። ሐሳቡ፣ መደቡም ቦዩም፣ ከነሱ በፊት እዚህ ነበረ። ተመራማሪዎቹ ጥሩ ያደረጉት ይህን ማየታቸው ነው፤ ገበሬው የሚያደርገውን አይተው ድካሙን ሊያቀሉለት ሞከሩ።

ይህን ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ በማሳው መሀል ወደ ኋላ ስመለስ እግሬ ቦይ ውስጥ ገባና ተዘረርኩ። ቁርጭምጭሚቴ ጮኸ። አባወራው እየሳቀ አነሳኝ። «ወንድሜ፣ ሰማይ እያየህ መረሬ ላይ አይኬድም» አለኝ። ወጌሻ ተጠርቶ ቅቤ እያሸ ዘወር ዘወር ሲያደርገኝ የጮኽኩት ጩኸት እነዋሪ ገበያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። «አልተሰበረም፤ ግን ነገ የትም አትሄድም» ብሎ በጨርቅ አሰረው።

የት ልሄድ ነበር? በማግሥቱ ታኅሣሥ 3 የአቡነ ዜና ማርቆስ በዓል ነው፤ ተጓዦቹ የሚሄዱት ወደ ደብረ ብሥራት ገዳም ነው። እኔም ከነሱ ጋር ልደርስ አስቤ ነበር። እግሬ ቀረ።

ማታ መሪጌታ ወሬውን ሰምተው አልቤርጎው ድረስ መጡ። ተጓዦቹ በከተማው አርፈው ሌሊት ሊነሱ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና የታሰረውን እግሬን አይተው እግዚአብሔር ይማርህ አሉኝ። ከዚያ ፈገግ ብለው፣

«ሚሲዮን ፍለጋ ነው የመጣኸው፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ።»

«ሚሲዮን ማለት ምንድር ነው?»

«መላክ ማለት ነው። ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ የሚልክ አለ፣ የሚላክ አለ።»

«እኛ ምን እንለዋለን?»

«ሐዋርያ።»

«ሐዋርያ ከምን ይወጣል?» ብለው እንደ ቆሎ ተማሪ አፋጠጡኝ። ዝም ስል ራሳቸው መለሱ። «ከሖረ። ሖረ ሄደ ነው። ሐዋርያ ማለት ሂያጅ ማለት ነው። ነገ የሚነግሡት አባት ሂያጅ ናቸው። ያንተ ሚሲዮን እሳቸው ናቸው።»

ገድሉ እንደሚለው ዜና ማርቆስ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዘመድ ናቸው፤ ሞረት ገብተው ሕዝቡን አስተምረው አጠመቁ። ደብረ ብሥራትን ተከሉ። ብሥራት የምሥራች ነው፤ ወንጌል ማለትም ይኸው ነው። የገዳሙ ስም ብቻውን የሚሲዮን ማኅበር ስም ይመስላል። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ታሪክ የሸዋን ስብከት ዘመን በዝርዝር ያሳያሉ። በዓፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፣ ከ1314 እስከ 1344 እ.ኤ.አ. መካከል፣ የደብረ ሊባኖሱ አበ ምኔት አቡነ ፊልጶስ ነበሩ። ሸዋና በዙሪያዋ ያለው አገር ለ12 መምህራን ተከፋፍሎ የስብከት ድርሻ ሲሰጥ ሞረትም ከድርሻዎቹ አንዷ ነበረች።

አሥራ ሁለት ሰው፣ የተለየ ክልል፣ አንድ ማዕከል። «ካስል ኤንድ ፋልከን» ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ካርታ ዘርግተው ዓለምን በክልል ሲከፋፍሉ ሞረት ላይ ከ450 ዓመት በፊት ተሠርቶበት ያለፈ አሠራር ነበር። ልዩነቱ የእኛዎቹ የዓመት ሪፖርት አልላኩም፤ ወርሃዊ መጽሔት አላተሙም፤ ደመወዝና የመርከብ ትኬት አልነበራቸውም። ቀድሞ የሄደ ሰው ተቀመጠ፣ ዛፍ ተከለ፣ ልጅ አስተማረ፣ እዚያው ተቀበረ። ሪፖርቱ ገድል ሆነ። እኛም ገድል ስለሆነ ለቅዳሴና ለንግሥ አስቀመጥነው፤ ስለ ሚሲዮን ስንጽፍ አንነካውም።

መሪጌታ ከሄዱ በኋላ እንቅልፍ አልመጣልኝም። እግሬም ይጠዘጥዛል። ክራፕፍን እንደገና አሰብኩት። ሸዋ ሲዘጋበት ምን አደረገ? የኦሮሞን ሕዝብ ከደቡብ በኩል አገኘዋለሁ ብሎ በባሕር ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ1844 ሞምባሳ ገባ። በሐምሌው ሮዚነም፣ እዚያ የተወለደችው ሴት ልጃቸውም ሞቱ። ክራፕፍ ራሱ በወባ ተኝቶ ለማኅበሩ ሲጽፍ፣ በአፍሪካ ዳርቻ አንድ መቃብር አለን፣ ይህ ማለት ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ላከ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ሌላ ሰው ነው። ከባልደረባው ሬብማን ጋር ራባይ ላይ ተቀመጠ፤ ስዋሂሊ አጠና፤ ሬብማን በ1848 ኪሊማንጃሮን፣ ክራፕፍ በ1849 የኬንያን ተራራ አይተው ለአውሮፓ ሲነግሩ በምድር ወገብ ላይ በረዶ የለም ብለው ሳቁባቸው። አንጎለላ ላይ የተላከ ሰው ነበር፤ ሞምባሳ ላይ ሂያጅ ሆነ።

ማኅበሩም ከዚያ በኋላ ይበልጥ አደገ። በ1841 ዋና ጸሐፊ የሆነው የጆን ቬን ልጅ ሄንሪ ቬን አንድ ትልቅ ነገር ገባው፦ የሚሲዮን ሥራ የሚለካው ላኪው ሲወጣ በሚቀረው ነገር ነው። የአገሩ ሰው ራሱን የሚያስተዳድር፣ ራሱን የሚረዳ፣ ራሱ የሚሰብክ ቤተ ክርስቲያን ይኑረው አለ። በ1864 ከባርነት የተፈታው የዮሩባ ልጅ ሳሙኤል አጃይ ክራውዘር ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ከ1877 በኋላ ኡጋንዳ ተከፈተች፤ ዛሬ በኡጋንዳና በኬንያ ያሉት አንግሊካኖች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ማኅበሩ ራሱ ደግሞ ቢሮውን ወደ ኦክስፎርድ አዛውሮ ወደ እንግሊዝ የሚመጡ የአፍሪካና የእስያ መልእክተኞችንም አስተናግዷል።

የኛም አገር ምሳሌ ከዚህ አይርቅም። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ጣልያን አስወጥቷቸው በ1937 እ.ኤ.አ. ወላይታን ሲለቁ የተጠመቁት አማኞች 50 አይሞሉም ነበር። ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ጠበቃቸው። ሰባኪዎቹ የወላይታ ገበሬዎች ነበሩ፤ በእግራቸው የሄዱ። ሲ.ኤም.ኤስ.ም ቢሆን ከሸዋ ከወጣ ከ140 ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ የገባው በላከው ሰው አልነበረም። ደቡብ ሱዳን ውስጥ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የዘራው ዘር፣ በ1980ዎቹ ከጦርነት ሸሽተው ጋምቤላ ኢታንግ በሰፈሩ የዲንካ ስደተኞች ትከሻ ተጭኖ መጣ። ዛሬ ጋምቤላ ውስጥ ያሉት አንግሊካን አብያተ ክርስቲያናት ሥር ከዚያ ይመዘዛል። ክራፕፍን ንጉሥና ባላባት አስቆሙት። ስደተኛዋን እናት ከነመዝሙሯ ማን ያስቁም?

ንጋት ላይ የተጓዦቹ ከበሮ ሰማሁ። በመስኮት አየኋቸው፤ ነጠላቸው በጨለማው ውስጥ ነጭ መስመር ሠርቷል። መሪጌታ ከፊት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባውን አልፏል፣ መቋሚያቸው መሬቱን ይመታል። እኔ በታሰረ እግሬ አልጋ ይዤ ቀረሁ። ስለ ሚሲዮን ልጽፍ መጥቼ ከሚሲዮኑ ደጅ መድረስ አቃተኝ።

አሁን የሚታየኝ ይህ ነው። የውጭ ሚሲዮን ታሪካችንን ስንጽፍ ወይ ወራሪ እንለዋለን፣ ወይ ብርሃን አምጪ እንለዋለን። ሁለቱም እኛን ባዶ መሬት ያደርጉናል። ክራፕፍ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያቃተው የታረሰ ማሳ ላይ መቆሙን ማየት ነው። እኛም ብንሆን የራሳችንን ሐዋርያት ታሪክ ሳናነብ እሱን ብቻ የምንወቅስ ከሆነ ከሱ የተሻለ አላየንም። የየገዳሙ ገድል በታሪክ ተማሪ ይነበብ፣ ይታተም፣ ከለንደን መዝገብ ጎን ለጎን ይቀመጥ። ክራፕፍ ወደ ቱቢንገን የላካቸውን ብራናዎች የጀርመን ተማሪ አንብቧቸዋል፤ እዚህ የቀሩትን የሚያነብ ከእኛው ይውጣ።

እነዋሪ ለመሄድ ካሰባችሁ ለታኅሣሥ 3 ድረሱ። ወፍራም ጫማ አድርጉ፤ ማሳ ስትገቡ ወደ እግራችሁ ተመልከቱ። ቦዩ የተቆፈረው እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ነው።